ጳሊ ጳሊ

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ ባሻ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ዳቦ ወይም ኒያላ ሲልኩን "ጳሊ ጳሊ!" ይሉናል። በጳጳሱ ጰ ነው የሚሏት፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ፈንዳ አድርገው። እኛ ግእዝ ይመስለን ነበር። በጰ የሚጀምር የምናውቀው ቃል ወይ ጳውሎስ ነው ወይ ጰራቅሊጦስ፣ ስለዚህ ባሻ ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩት ነገር ይሆናል ብለን አለፍነው። ትርጉሙ ግን ገብቶናል፤ ሩጥ ነው። ከዘገየህ መልሷ ሳንቲም ያንተ አትሆንም።

ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ሴኡል ውስጥ፣ የምድር ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ ካርታ አያለሁ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት "ጳሊ ጳሊ!" አሉ። ለእኔ አይደለም፣ ለልጅ ልጃቸው ነው። በቃ ደርቄ ቀረሁ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል። ግእዝ ናት ብዬ የኖርኩባት ቃል ኮሪያንኛ ሆና አረፈችው። "ቶሎ ቶሎ" ማለት ነች። ኮሪያ የረገጠ ሰው መጀመሪያ የሚለምዳት እሷን ነው አሉኝ በኋላ። ባሻም በ1944 ዓ.ም. መጀመሪያ የለመዷት እሷን ይሆናላ።

ባሻ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው የሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ሰፈራችን ኮሪያ ሰፈር አይደለም፣ ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ወረድ ይላል። ለምን ከጓዶቻቸው ጋር እዚያ እንዳልኖሩ ልጅ ስለሆንኩ አልጠየቅኩም። ኮሪያ ሲነሳ የሚያወሩት ስለ ውጊያው አልነበረም። ስለ ብርዱ ነው። የጠመንጃውን ብረት በባዶ እጅህ ከነካህ ቆዳህ እዚያው ይቀራል። እሳት ዳር ተቀምጠህ ፊትህ ይቃጠላል፣ ጀርባህ ግን በረዶ ነው። ካልሲህን ካልቀየርክ ጣትህን ትሰናበታለህ። ይቺኛዋን ሲሉ ጫማቸውን አውልቀው ያሳዩናል። ቀኝ እግራቸው ላይ ሁለት ጣት የለም። ክረምት ሲገባ እማዬ በሳፋ ውሃ ታሞቅላቸዋለች፣ ጨው ጣል አድርጋበት፤ እግራቸውን ይነክሩና ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የማይጨርሱት ጦርነት እዚያ ሳፋ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ኮሪያ የሄድኩት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ነው። አንድ ቅዳሜ ነፃ ነበረች። ጓደኞቼ ሁሉ ለሸመታ ወጡ። እኔ ከዚያች "ጳሊ ጳሊ" በኋላ ሌላ ነገር አላሰኘኝም፣ ቹንቾን መሄድ አለብኝ አልኩ። ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቹንቾን የጋንግዎን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ብትሆንም በኮሪያ መለኪያ ትንሽ ከተማ ናት። ሐይቅ አላት፣ ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ ስሟ ሲፈታ "የጸደይ ወንዝ" እንደማለት ነው። እኔ የደረስኩት ግን ነሐሴ ላይ ነው። ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ፎጣ ነው። አዲስ አበባ ያን ሰዓት እማዬ ጋቢ ደርባ ዝናብ ታያለች።

ለታክሲው ሹፌር ካርታዬን አሳየሁት። አየኝ፣ ካርታውን አየ፣ "ኢዲኦፒያ!" አለ፣ ቀጠለና "ኮፒ!" አለ። ቡና ለማለት ነው፤ "ፈ" የሚባል ድምፅ የላቸውም። ከዚያ በኋላ በሁለታችን መሀል የጋራ ቋንቋ አለቀ፣ ግን በቂ ነበር።

የወረድኩበት መንገድ ጥግ ላይ ሰማያዊ የመንገድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የኮሪያን ፊደል በሁለት ሳምንት እንደ ምንም ለምጄያለሁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየቆጠርኩ አነበብኩት። ኢ። ዲ። ኦ። ፒ። ያ። ጊል። ጊል መንገድ ማለት ነው። የኢትዮጵያ መንገድ። ኮሪያዎች ዛሬ የሀገራችንን ስም ሲጽፉ "ኤቲዮፒያ" ነው የሚሉት፤ "ኢዲኦፒያ" የድሮ አጻጻፍ ነው፣ የባሻ ዘመን። ሌላው ሁሉ ሲታረም እዚህ መንገድ ላይ የድሮው ስም ቀርቷል። ሰው አይቶኝ ነበር መሰለኝ፣ ሰሌዳ ፎቶ ሳነሳ።

የዘማቾቻችን መታሰቢያ ሐውልት ያለው ወደ ሐይቁ የሚገባው የኮንግጂቾን ወንዝ ዳር ነው። በ1960 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። እኔ እንግዲህ ሆዴን አባብቼ ነው የመጣሁት። ዝም ያለ ቦታ ጠብቄያለሁ፣ ኮፍያ የሚወለቅበት፣ ምናልባትም እንባ ቢጤ የሚመጣበት። ያገኘሁት ዳክዬ ነው። የፕላስቲክ ዳክዬ፣ እንደ ብስክሌት በፔዳል የሚነዳ ጀልባ። ወጣት ፍቅረኞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሐይቁ ላይ ይሽከረከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሳር ላይ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ዶሮ ይበላል። አንድ ጎረምሳ የሐውልቱ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ስልኩን ያያል። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ያ ሁሉ ሰው ከአራት ማዕዘን ተጠርቶ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ለዳክዬ ነው? ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ቆየት ብሎ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ስንቴ በታክሲ አልፌዋለሁ። አንዴም ወርጄ ገብቼ አላውቅም። እዚያ ጥላ ስር ተጋድሞ ስልክ የሚያይ ጎረምሳ እንኳ ከእኔ ይሻላል፣ ቢያንስ ቦታውን ይጠቀምበታል።

ነገሩ የተጀመረው ሩቅ ነው። ጃንሆይ በ1928 ጄኔቭ ላይ ቆመው፣ ጣሊያን ሲወረን ዓለም ዝም አለ ብለው ከሰሱ። የሰማቸው የለም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 1942 ላይ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፣ የተባበሩት መንግሥታትም "እርዱ" ሲል ጥሪ አቀረበ። ያኔ የተነፈጉትን የጋራ ደኅንነት ለሌላ ሰው መስጠት የእልህም ነገር ነው መሰለኝ። ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ሻለቃ ተቋቋመ፣ በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። ለወራት ኮሪያን በሚመስል ተራራማ ቦታ ሠለጠኑ። ሚያዝያ 5 ቀን 1943 የመጀመሪያው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ከዚያ ፑሳን። አብዛኛው ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ባሻ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት ነበር። "ጃንሆይ ሂዱ አሉ፣ ሄድን።" ስለ ጄኔቭ አንድም ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም።

ለምን ቹንቾን ብትሉ፣ ቃኘዎች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው የተዋጉት ከዚህ ወደ ሰሜን ባሉት ተራሮች ላይ ስለሆነ ነው። ህዋቾን፣ ቾርዎን። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ወታደሮቹን ቀላቅሎ ማሰለፍ ገና እየለመደ የነበረው በዚያው ሰሞን ነው። የእኛዎቹ ግን በራሳቸው መኮንኖች ይታዘዙ ነበር። ባሻ በዚህ ይኮሩበታል። "ፈረንጅ አዛዥ አልነበረኝም" ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

ከሐውልቱ ማዶ የመታሰቢያ ቤቱ አለ፤ በ1999 የተከፈተ ነው። ጣሪያው ጎጆ እንዲመስል ሾጠጥ ሾጠጥ ተደርጎ ተሠርቷል። ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፣ ባሻ የኖሩት ቆርቆሮ ቤት ነው። ግን ሠሪዎቹ አስበውበታል፣ አልቀልድባቸውም። ምድር ቤቱ ጦርነቱ ነው፤ ፎቶ፣ የደንብ ልብስ፣ መሣሪያ። ፎቅ ላይ የሀገር ልብስ፣ መስቀል፣ የቡና ዕቃ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሁለት ጣት የሌለው እግር በፎቶ አይታይም፣ እኔ ግን ፊት ስፈልግ ነበር። በ20ዎቹ ያሉ ጎረምሶች ናቸው። ሁሉም ባሻን ይመስላሉ፣ ማንም ባሻን አይመስልም። እኔ የማውቃቸው ጥርሳቸው ካለቀ በኋላ ነዋ።

ከዚያ ቁጥሮቹ። 253 ውጊያ፣ አንድም ሽንፈት የለም። አንድም ምርኮኛ የለም። ይህን ኮሪያዎች በጣም ይወዱታል፣ እኛም እንወደዋለን። የሆነ ግብዣ ላይ ኮሪያ ከተነሳ ሁልጊዜ አንድ ሰው "አንድም ሰው አልተማረከም!" ይላል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው ያልቃል። ለእኔ ይቺ ነገር ክዳን ሆናብኛለች። ድስቱን ትከድነዋለች። ባሻ እንደሚሉት ከሆነ ነገሩ ጀግንነት ብቻም አልነበረም። የወደቀን ሰው ጥሎ መመለስ ነውር ነው፣ ነውሩን ፈርተህ ትመለሳለህ፣ ስትመለስ አንተም ትመታለህ፣ አንተንም ሊያወጣ ሌላ ይመጣል። "አንድ ሬሳ ሦስት ሰው ይፈጃል" ብለው ነበር አንዴ፣ እግራቸው ሳፋ ውስጥ ሆኖ። እማዬ "ለልጅ እንዲህ አይወራም" አለቻቸውና ተቋረጠ።

የቆሰሉት 536። የሞቱት 121። ሌላ ቦታ ደግሞ 122 ይላል። ሁለቱንም አይቻለሁ፣ በኮሪያም ሆነ በእኛ ጽሑፍ። እዚያ ቆሜ ይቺን አንድ ሰው ማሰብ ጀመርኩ። በ121 እና በ122 መሀል ያለውን። አንዱ መዝገብ ላይ አለ፣ አንዱ ላይ የለም። እናቱ ግን አንድ ነው የሰጠችው፣ እሷ ጋ አይለዋወጥም። የባሻ ሁለት ጣቶችስ 536ቱ ውስጥ ትቆጠራለች ወይ? ብርድ ቁስል ነው ወይስ ሕመም? ከጎኔ አንድ አባት ለልጁ ቁጥሩን በጣቱ እያመለከተ ያነብለታል። ልጁ ዘወር ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ቁጥሩን፣ ከዚያ እኔን። ጎንበስ አለልኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ምን ላድርግ?

የቤቱ ታሪክ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ላይ ያልቃል፣ ተኩስ አቁሙ የተፈረመበት ቀን። ቃኘዎች ከዚያም በኋላ ቆይተዋል፤ ዶንግዱቾን ውስጥ ወላጅ አልባ ለሆኑ ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ከደመወዛቸው እየቀነሱ ይረዱ ነበር። ይህ ተጽፏል፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ሀገር ነው፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ቦታ የለውም፣ ኮሪያዎቹም አይፈረድባቸውም። ባሻ ተመለሱ። በታኅሣሥ 1953 ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈ። ሻለቃውን አደራጅተው ወደ ኮሪያ የላኩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በዚያ ግርግር ተገደሉ፣ ክብር ዘበኛም ተበትኖ እንደ አዲስ ተዋቀረ። ባሻ ከወታደር ቤት ወጡ። ከዚያ ጥበቃ ሆኑ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ።

አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ኮሚኒስት ሊወጋ የዘመተ ሰው ኮሚኒስት ነኝ በሚል መንግሥት ሥር መኖር አለበት። ባሻ ኒሻኖቻቸውን በወተት ዱቄት ጣሳ አድርገው ጓሮ ቀበሯቸው። በ1977 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ቆመ። ለኦጋዴን ጦርነት መታሰቢያ ነው፤ ከእኛ ጋር የሞቱት ኩባውያንም አሉበት። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው እጃቸውን ያስገቡበት። ባሻ ይህን ሲሰሙ "እዚህ ድረስ ተከትለውኝ መጡ" አሉ ይባላል፣ ቀስ ብለው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። አንዳንዴ ሳስበው አንድ የኩባ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ያን ሐውልት ሲያይ፣ ታክሲ ተራው፣ ጫማ ጠራጊው፣ ሎተሪ አዟሪው ከፊቱ ሲተራመስ፣ ልክ እንደኔ እንደ ዳክዬው ቀን ሳይናደድ አይቀርም።

ደርግ ሲወድቅ ባሻ ጣሳውን ቆፍረው አወጡ። ብረቱ አለ፣ ጨርቁ በስብሷል። እማዬ ከአሮጌ ሻሽና ከሪባን ቆራርጣ አዲስ ጨርቅ ሰፋችላቸው። ቀለሙ ልክ አልነበረም። ማንም አላወቀም፣ ወይም ያወቀ ዝም አለ። የዘማቾች በዓል በመጣ ቁጥር ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሻሽ ጨርቅ ያለው ኒሻን ደረታቸው ላይ ተሰክቶ ይወጣሉ። እኛ ከኋላ "ኮሪያ! ኮሪያ!" እያልን እንከተላለን። ሰላምታ አልነበረም። ስድብ ነበር፣ እንደ ልጅ ስድብ። አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። የሞቱት እኔ 8ኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ከመታሰቢያ ቤቱ ወጥቼ እዚያው መንገድ ላይ ያለው ቡና ቤት ገባሁ። ኢዲኦፒያ ቤት ይባላል። ሐውልቱ በቆመበት ዓመት የተከፈተ ነው፣ ስሙን ያወጡት ጃንሆይ ናቸው፣ ፍሬውም እስከ አብዮቱ ድረስ ከቤተ መንግሥት ይላክ ነበር ይባላል። ኮሪያ ውስጥ ቡና ቆልቶ መሸጥን ከጀመሩት ቀደምት ቤቶች አንዱ ነው። ምግብ ደግሞ ችግር ሆነብኝ። ቹንቾን የታወቀችው በዳክጋልቢ ነው፣ በብረት ምጣድ ላይ በበርበሬ የሚጠበስ ዶሮ፤ ፍልሰታ ላይ ነኝ፣ ሽታው ከየቤቱ እየወጣ ይፈትነኛል። ቀድሜ የሆነ ቀዝቃዛ ኑድል ቢጤ፣ እንቁላሉን አስወጥቼ በልቼ ነበር። ስለዚህ ቡና ብቻ አዘዝኩ። ዋጋውን በብር ስመታው ደነገጥኩ። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ዳክዬዎቹም። ቡናው ጥሩ ነበር፣ ብቻ ቀጭን ነው፣ ትልቅ ኩባያ ሙሉ ሰጥተው ለአንድ ሰዓት ያስቀምጡሃል። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ ደግሞ ማንም "ጠጡ እንጂ" አይልህም። አንድ ከረጢት የተቆላ ገዛሁ። አዎ፣ ከኮሪያ ለኢትዮጵያ ቡና ገዝቼ ሄድኩ፣ ጓደኞቼ እስከ ቦሌ ድረስ ሲስቁብኝ ነበር።

አዲስ አበባ ስገባ ዝናብ ነው። ፍልሰታ ተፈትቷል። ከረጢቱን ለእማዬ ሰጠኋት። ከፈተች፣ አሸተተች፣ "ይሄማ አርሯል" አለችና ወደ ጎን አድርጋ የራሷን ቆላች። እየቆላች የሄድኩበትን ነገርኳት። መንገዱን፣ ሰሌዳውን፣ ጎጆ መሳዩን ቤት፣ ልጁ ጎንበስ እንዳለልኝ። "ጳሊ ጳሊ" ምን ማለት እንደሆነ ስነግራት ማማሰያውን ይዛ ቆመች። ለካ እሷም ግእዝ ይመስላት ነበር።

ከዚያ ዝም አለች። ቡናውን አወረደች። ቆይታ ቆይታ፣

"ብርዱስ?" አለችኝ።

"የምን ብርድ፣ ነሐሴ እኮ ነው። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ታዲያ ምኑን አየኸው?"